የጋሽ አንዳርጌ ቶንዶዝ አልቆርጥ ያለ ጊዜ

ስሙኝማ! ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። መዋስ አያሳፍርም ልል ነበር፤ ግን ያሳፍራል። የዛሬው ወሬዬም እሱው ነው።

ጋሽ አንዳርጌ የወልድያ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ለሠርጉ ያሳመሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ስንዱ ግን ካናዳ ሆና ተዳረችና የገዛ አማቻቸው የዘርይሁን ራስ ከእጃቸው አመለጠ። አሁን ስንዱ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ነገ ክርስትና ትነሳለች። ጋሽ አንዳርጌም ኤድመንተን ድረስ መጥተዋል። የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ከክርስትናው በፊት የአማቻቸውን ፀጉር በራሳቸው ቶንዶዝ መቁረጥ። በቃ፣ ይችው ናት።

ስንዱ በስልክ ነግራቸው ነበር። «አባዬ፣ የዚህ አገር ኤሌክትሪክ መቶ ሃያ ነው፤ የኛ ሁለት መቶ ሃያ። ቶንዶዙን እንዳታመጣው።» «እሺ» አሉ። እሺ ብለው ሽሮው ውስጥ ቀበሩት! መቀሱን ኤርፖርት ላይ ወሰዱባቸው፤ ቶንዶዙ ግን ሽሮ ለብሶ ካናዳ ገባ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዘርይሁንን ወንበር ላይ አስቀምጠው አንሶላ አለበሱት። ስፒናውን በአዳፕተር ሶኬቱ ላይ ሰኩት። ቶንዶዙ እንደ ታመመ ዝንብ «ዝ... ዝ...» አለ። ግራውን እያላመጠ እንደ ምንም ጨረሰ። ቀኙ ላይ ሲደርስ ፀጉሩን ነክሶ ቆመ።

«አሳመምኩዎት እንዴ?» አሉ ጋሽ አንዳርጌ።

«ኧረ በፍጹም፣ አባባ! በጣም ጥሩ ነው» አለ ዘርይሁን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ጋሽ አንዳርጌ ላብ በላብ ሆኑ። በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ግማሽ ራስ ይዞ ከወንበራቸው አልተነሳም። «ቁረጥ እንጂ!» ብለው ቶንዶዙን ለመኑት። «አልቆርጥም፣ ሶኬቱ አላጠገበኝም» አለ። «ጨምርለት እንጂ!» ብለው ሶኬቱን ለመኑት። «አልጨምርም፣ እኔ መቶ ሃያ ነኝ፤ ትራንስፎርመር አምጡ» አለ። ሶኬት ያወራል ወይ ብላችሁ አታቋርጡኝ፤ የጨነቀው ሰው ይሰማዋል። ቶንዶዝ አልቆርጥ አለ፣ ሶኬት አልጨምር አለ፣ ግማሽ ራስም ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ትራንስፎርመር የት ይገኛል? ፎቅ ላይ፣ ትርሲት ቤት። ትርሲት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ከአገር ቤት ያመጣችውን ምድጃ የምትሰካበት፣ ወገብ የሚቆርጥ ከባድ ትራንስፎርመር አላት። ትራንስፎርመሩም «ባለቤቴ ካላዘዘች አልወርድም» አለ። ቶንዶዝ አልቆርጥ አለ፣ ሶኬት አልጨምር አለ፣ ትራንስፎርመር አልወርድ አለ፣ ግማሽ ራስም ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ስንዱዬ፣ ወጣ ብለሽ ለምነሽ አምጪልኝ።»

ስንዱ ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ መሬት መሬት አየች። «አልወጣም፣ አባዬ። ለነገው አልጠራኋትም።»

«አራስ ሳለሽ ገንፎ እያገነፋች ያረሰችሽን ልጅ?»

«እኮ! የቤት ሰው ናት፣ የቤት ሰው ደግሞ አይጠራም ብዬ። እሷ ለካ ጥሪዬን ስትጠብቅ ኖራለች። ባለፈው ደረጃ ላይ አግኝታኝ ‹ደህና ዋሉ› አለችኝ። አንቱ አለችኝ፣ አባዬ! ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አፈርኩ።»

ቶንዶዝ አልቆርጥ አለ፣ ሶኬት አልጨምር አለ፣ ትራንስፎርመር አልወርድ አለ፣ ስንዱ አልወጣም አለች፣ ግማሽ ራስም ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«እርስዎስ ብቅ ቢሉ?» አሉ አማቻቸውን።

ዘርይሁን ራሱን ዳበሰ፤ ግራው ሜዳ፣ ቀኙ ጫካ። «በዚህ ራስ፣ አባባ? ፎቁ ሁሉ ሐበሻ ነው። ማን እንደቆረጠኝ ያውቃሉ እኮ። ፀጉር ቤት ሄጄ ላስጨርሰው ያላልኩትም ለዚህ ነው።» ያፈረው ለራሱ አልነበረም፤ ለአማቱ ነበር። ይኼን ሲሰሙ ጋሽ አንዳርጌ ይባስ አፈሩ።

እንግዲህ ማን ቀረ? እሳቸው። ሊነሱ ሲሉ እግራቸው «አልነሳም» አለ። «ያልጠራችሁትን ሰው ዕቃ ልትለምን? እሺ ብለህ ደብቀህ ያመጣኸው ማን ሆነና!» ቶንዶዝ አልቆርጥ አለ፣ ሶኬት አልጨምር አለ፣ ትራንስፎርመር አልወርድ አለ፣ ስንዱ አልወጣም አለች፣ ዘርይሁን አልሄድም አለ፣ እግር አልነሳ አለ፣ ግማሽ ራስም ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ግድ የለም፣ አባባ» አለ ዘርይሁን በቀስታ። «ነገ ባርኔጣ አደርጋለሁ።»

ባርኔጣ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በልጁ ክርስትና ቀን፣ ወንድ ልጅ ባርኔጣ ደፍቶ! ጋሽ አንዳርጌ ብድግ አሉ።

ትርሲት በሯን ከፈተች። «ጋሽ አንዳርጌ! ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ ልጄ። አፍሬ ነው የመጣሁት። ስንዱ የቤት ሰው ናት ብላ ሳትጠራሽ ቀረች፤ ኋላም አፍራ ተደበቀችሽ። እኔ ልጠራሽ መጣሁ። ደግሞም ትራንስፎርመርሽን ልለምንሽ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳመጣቸው ጥሪው ለዕቃው ሲባል እንደሚመስል አላጣሁትም።»

ትርሲት ክንዷን አጣጥፋ አየቻቸው። «ዕቃውን ባይፈልጉት ኖሮ ይመጡ ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «አልመጣም ነበር» አሉ።

«ደግ» አለች ትርሲት። «ለአንቺ ብዬ ነው ቢሉኝ በሩን ዘግቼብዎት ነበር። ቀሚሴን ተኩሼ ከሰቀልኩት ሳምንት ሆነው። አለመጠራቴን ለሰው መናገር እንኳ አፍሬ ነበር።»

ትራንስፎርመሩን ታቅፋ ወረደች። ስንዱ «ትርስዬ፣ እኔ...» ስትል፣ «ዝም በይና ያንን ገመድ አቀብዪኝ! አንቺ ደግሞ!» አለቻት። አንቺ አለቻት፣ ስንዱም አለቀሰች።

እግር ተነሳ፣ በር ተንኳኳ፣ ትርሲት ተጠራች፣ ትራንስፎርመር ወረደ፣ ሶኬት ጨመረ፣ ቶንዶዝ «ዝዝዝዝ!» ብሎ ቆረጠ፣ ግማሽ ራስም ሙሉ ሆነ።

ጋሽ አንዳርጌ አንሶላውን አራገፉ። «አሁንስ አሳመምኩዎት?»

«አሁንማ ምንም። ቅድም ግን፣ አባባ... ከሥሩ ነበር የነቀለኝ።»

«አንተ ሞኝ! ታዲያ ዝም ትላለህ?» አሉት። ከዚያ በፊት አንተ ብለውት አያውቁም። ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙትና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ፣ ልጄ፣ ገና ዛሬ ዳርኩሽ።»

እኔም የወሬዬን ገመድ ነቅዬ ጠቀለልኩ።