ያለ ጭድ የተመረገው አዳራሽ

ቀኛዝማች ደምለው አዳራሽ ሲያሠሩ፣ አንድ ድሃ ግድግዳ መራጊ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ሲያቦካ ደረሱበት።

«ምን ልታደርገኝ ነው? ጭድ የከብት ቀለብ ነው! እኔ በከብት ቀለብ ተከብቤ አልተኛም። ንጹሕ አፈር ብቻ ምረግ!» አሉት።

«ጌታዬ፣ ጭቃን አያይዞ የሚያቆመው እኮ ጭዱ ነው። ያለ እሱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» ቢላቸው፣ አለቃ የሆነባቸው ይመስል አፈጠጡበት። አጃቢዎቻቸው ሁሉ «እውነትዎን ነው» አሉ። መራጊውም ጀርባው በጅራፍ እንዲላጥ አይወድምና እሺ ብሎ መረገ።

የምርቃቱ ቀን እንግዳው ሲሰበሰብ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ቀኛዝማች እፍረታቸውን የሚጥሉበት ቢያጡ ጅራፍ አስመጡና መራጊውን በሰው ፊት አቆሙት።

«ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው ካልክ ጌታህን ሰድበሃልና አርባ ትገረፋለህ። የራስህ ነው ካልክም ስላጠፋህ አርባ ትገረፋለህ። ተናገር!»

መራጊው ጅራፉን አየ፤ ቀና ብሎም ስንጥቁን አየ።

«ጥፋቱ የግድግዳው ነው ጌታዬ። እኛማ ስለፈራንዎ ሁላችንም እሺ ብለናል። ያለ ጭድ አልቆምም ብሎ በእንግዳ ፊት አፉን የከፈተብዎ እሱ ብቻ ነው። እሱን ይግረፉት!»