ዝም ያለው የወንዝ መለኪያ

አንድ መሣሪያ ሠሪ ነበረ። የሚሠራው መዶሻና መጋዝ አልነበረም፤ የኮምፒውተር ኮድ ጸሐፊ ነበር።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «የሠራሁት መሣሪያ መልስ ሲያጣ ማሽኑ ይደናገራል፣ ሰዉም ይሰለቻል፤ ባዶ እጁን ከሚመለስ ለእውነት የቀረበ ነገር ቢመልስ ምን ክፋት አለው?» ነው ያልሽኝ። ለዚህ ነው የዚህን ሰው ነገር የማነሣልሽ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን አፍ እንጂ ዓይን የለውም። ዛሬ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ሐኪሙ ይግባ አይግባ ከራሱ አያውቅም። ለማወቅ መሣሪያ መጥራት አለበት። መሣሪያው ስም አለው፤ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ሁለት ሦስት መስመርም ተጽፎለታል። ማሽኑ መግለጫውን ያነባል፣ መሣሪያውን ይጠራል፣ የተመለሰለትን ይዞ ለጠያቂው ይናገራል። መሣሪያው የነገረውን እንዳለ ያምናል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ማወቅና ልብ ማለት ይለያያሉ።

ሰውየው እንዲህ ያሉ አርባ መሣሪያዎችን በአንድ ስብስብ አድርጎ ሠርቶ ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነበር የጀመረው። እነሱ የተሻለ ሥራ አገኙና ሄዱ፤ እሱ ቀረ። መሥራቱ አንድ ዓመት ፈጀበት፤ መጠገኑ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ዛሬ አንዱ መሥሪያ ቤት መረጃውን የሚያወጣበትን መንገድ ሳይናገር ይቀይራል፤ ነገ ሌላው አሠራሩን ይለውጣል። ሰውየው አንዱን ደፍኖ ቀና ሳይል ሌላው ይከፈታል። ታታሪ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዥልኝ።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ የወንዝ ነበር። ቆላውን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ፤ በዳርና ዳሩ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ይኖራሉ። ከእነሱ በላይ፣ በመኪና መንገዱ ድልድይ ላይ፣ የውሃውን ከፍታ እየለካ በየሩብ ሰዓቱ ቁጥር የሚልክ መለኪያ ተሰቅሏል። ገበሬዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ማሽኑን ይጠይቃሉ፤ ማሽኑ መሣሪያውን ይጠራል፤ መሣሪያው የመለኪያውን ቁጥር ያመጣል። መግለጫው ላይ «የወንዙን የአሁን ከፍታ ይናገራል» ተብሎ ተጽፏል።

ችግሩ ኔትወርክ ነበር። መለኪያው አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ያኔ መሣሪያው «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፤ ማሽኑም ለገበሬው «ይቅርታ፣ አሁን ማወቅ አልቻልኩም» ይላል። ቅሬታ በዛ። የሰውየው አለቃ ጠራውና፣

«ሰው ስልክ የሚያነሣው ‹አላውቅም› ለመስማት አይደለም። አንድ ነገር አድርግ» አለው።

አደረገ። አንድ መስመር ጨመረ፤ መለኪያው ካልመለሰ፣ የመጨረሻውን ቁጥር መልስ። ከጎኑ «ለጊዜው» ብሎ ጻፈበት። ወንዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙም አይለወጥም ብሎ አሰበ፤ አብዛኛውን ቀንም ልክ ነበር። ቅሬታው ቆመ። አለቃውም አመሰገነው። እሱም ደስ አለው፤ ሥራው ያማረ መሰለው። ያቺ መስመር ሰባት ወር ቆየች።

ነሐሴ ገባ። በአንድ ማክሰኞ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ዝናቡ የወረደው ደጋው ላይ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደራሽ ውሃ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ይዞት የመጣው ግንድ መለኪያውን መትቶ ከነብረቱ ገነጠለው። መለኪያው ዝም አለ።

ከድልድዩ በታች ርቃ አንዲት ሽንኩርት አምራች ነበረች። የውሃ መሳቢያ ፓምፗ ወንዙ ዳር ተተክሏል፤ የተነቀለው ሽንኩርትም እዚያው ተከምሯል። የሚጠብቅላት የአባቷ ወንድም ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሽ ኡርጌሳ ይባላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ በስም የምጠራልሽ እሳቸውን ብቻ ነው። እሷ ለገበያ ከተማ ወጥታ ነበር። በአራት ሰዓት ጋሽ ኡርጌሳ ደወሉላት።

«ልጄ፣ ፓምፑን ሰው ጠርቼ ላስነሣው እንዴ? ወንዙ አላማረኝም።»

«ቆይ ልጠይቅ» አለች። ማሽኑን ጠየቀች። ማሽኑ መሣሪያውን ጠራ፤ መሣሪያውም መለኪያውን ጠርቶ ቢያጣው፣ ከመነቀሉ በፊት የላከውን ቁጥር አንሥቶ ሰጠ። ማሽኑ በጥሩ አማርኛ «የወንዙ ከፍታ አሁን ሁለት ሜትር ከአሥር ነው፤ ከአደጋው መስመር በታች ነው» አላት።

መልሳ ደወለች። «ጋሼ፣ ሁለት ሜትር ነው ይላል። ሰው አያስቸግሩ፣ ይቆይ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ውሃው ግንድና ጭቃ እየገፋ ደረሰ። ፓምፑን ወሰደ፤ ሽንኩርቱን ወሰደ። ጋሽ ኡርጌሳ ግራር ላይ ወጡ። ሲወጡ ግራ እጃቸው ተሰበረ። በተሰበረ እጅ ግራሩን እንዳቀፉ ውለው አደሩ፤ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነው ሰዎች በገመድና በተነፋ የመኪና ጎማ ያወረዷቸው።

ሴትየዋ ማሽኑን ወደሚያቀርበው ድርጅት ስልክ ደውላ «ማሽናችሁ ዋሸኝ!» ብላ ጮኸች። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሰውየው ጋ ደረሰ። መጀመሪያ ያለው አንቺም እኔም የምንለውን ነው፤ «ማሽኑ ቀባጥሮ ይሆናል፤ ልማዱ ነው።» ከዚያ ማሽኑ የጠየቀውና የተመለሰለት የሚጻፍበትን መዝገብ ከፈተ። ማሽኑ የጠራው ትክክለኛውን መሣሪያ ነው። የጠየቀው ስለ ትክክለኛው ወንዝ፣ ስለ ትክክለኛው ቦታ ነው። የተናገረውም የተነገረውን ነው፤ ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም። ሰውየው ወደ ራሱ ኮድ ወረደና ያቺን መስመር አገኛት። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ሲያነብ ፊቱ ጋለ።

ለአለቃው ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር። መስመሯን በጸጥታ አጥፍቶ ዝም ማለትም ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደዚያ ወረደ።

ሴትየዋን ጭቃ ከለበሰው ማሳዋ ዳር አገኛት። ማን እንደሆነ ሲነግራት አልገባትም።

«እኔ የጠየቅሁት ማሽኑን ነው። አንተ ማን ነህ?»

«ማሽኑ አልዋሸሽም፣ እቴ። እሱ ከእኔ የሰማውን ነው የነገረሽ። መለኪያው ተነቅሎ ነበር። የወንዙን ቁጥር አላውቅም ነበር፤ የማውቅ መስዬ አሮጌውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ይህን ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ ንገር» አለችና ወደ ጎጆዋ ወሰደችው። ጋሽ ኡርጌሳ እጃቸው ታስሮ ተጋድመው ነበር። ቁጭ ብሎ የነገራትን ደግሞ ነገራቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ወንዙን አይተኸው ታውቃለህ?» አሉት።

«ገና ዛሬ አየሁት፣ አባቴ።»

«እኔ ስድሳ ዓመት አየሁት። ከደጋ ሞልቶ ሲመጣ ቀድሞ ሽታው ይደርሳል፤ የደጋ አፈር ሽታ ነው፣ ሌላ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሸቶኛል። አላማረኝም ያልኳት ለዚህ ነው። በኋላ እሷ ሁለት ሜትር ነው ስትለኝ፣ ‹አርጅተሃል፣ አፍንጫህ ተበላሽቷል› አልኩና ለራሴ፣ ቁጭ አልኩ። ባለማወቅህ አልቀየምህም። ወንዝ ማን ያውቃል? ‹አላውቅም› ብትለን ኖሮ ግን አፍንጫዬን አምነው ነበር።»

ሰውየው አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመ።

ተመልሶ መስመሯን አጠፋት። በቦታዋ እንዲህ የሚል ጻፈ፤ «መለኪያው አልመለሰም። የመጨረሻው ቁጥር ይህ ነው፤ የተላከው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው። አሁን ስንት እንደሆነ አይታወቅም።» ከዚያ አርባውንም መሣሪያዎች አንድ በአንድ ከፈተ። ያቺኑ የመሰለች መስመር በአሥራ አንዱ ውስጥ አገኘ፤ ሁሉንም የጻፈው እሱ ነው፣ ሁሉንም በደግ ልብ ነው። ነቅሎ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

ቅሬታው ተመልሶ መጣ። «ማሽናችሁ ደነዘዘ» ያሉ ነበሩ፤ ትተው የሄዱም ነበሩ። አለቃው «ሠርተህ አፈረስከው» አለው። ሰውየው ክርክር አላበዛም፤ «ይመለስ ካላችሁ ሌላ ሰው ይመልሰው፤ በእኔ እጅ ግን አይጻፍም» አለ። ሌላ ሰው አልተገኘም፤ እንደዚያው ቀረ። ወንዙ ከዚያ ወዲህ ሞልቶ አንድ ሰው በዚህ ተረፈ ወይ ብትዪኝ፣ አላውቅም። የሰማሁት ነገር የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው። አንቺ «ለእውነት የቀረበ መልስ ምን ክፋት አለው?» ብለሽኛል። የዚያ ቁጥር ክፋቱ ስሕተት መሆኑ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው የራሳቸው የሆነ ስድሳ ዓመት የፈጀ ዕውቀት ነበራቸው፤ የማያውቅ መሣሪያ ያወቀ መስሎ ከእጃቸው ነጠቃቸው። «አላውቅም» ግን ሰውን ወደ ገዛ ዓይኑና አፍንጫው ይመልሰዋል። ደግሞ ይህንንም አስቢ፤ መለኪያው ዝም ያለው ደራሹ ስለወሰደው ነው። ዝምታው ራሱ የዕለቱ ትልቁ ወሬ ነበር፤ ሰውየው ግን ወሬውን በአሮጌ ቁጥር ሸፈነው።

ያንቺ መሣሪያ አምቡላንሱ የት እንደደረሰ የሚናገር ነው ብለሽኛል። አንድ ቀን የአምቡላንሱ ምልክት ይጠፋብሻል። ያን ጊዜ በአንድ ቤት ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ቤተሰቧ በስልክ እየጠየቀ ነው። «አሥር ደቂቃ ቀርቶታል» ካልሻቸው ደጃፍ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። «የት እንዳለ አላውቅም» ካልሻቸው ግን ጎረቤት ጠርተው ቃሬዛ ያነሣሉ።