የውሃ መትፊያ ጉብታ

ጓንጉል ቢሻው ይታክቱን ባይበድላት ኖሮ፣ ከዝግባ አፋፍ በስተምዕራብ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ቁልቁል ከሚጀምርበት ላይ የተቀመጠው ጉብታ እስከ ዛሬ ስም የለሽ ሆኖ ይቀር ነበር ይባላል። ዛሬ ውሃ መትፊያ ይሉታል። ልጇ ከሄደበት የዘገየባት እናት፣ ልጁ ዱር ይግባ ከተማ፣ ባሕርም ይሻገር፣ ከጉብታው ሥር ካለችው ምንጭ አንድ ጉንጭ ውሃ ትይዝና አፏን ሞልታ ትወጣለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ውሃውን ትተፋለች፤ ከዚያ የልጇን ስም ጮክ ብላ አንድ ጊዜ ትጠራለች። ሁለት ጊዜ አይጠራም። የሚመጣው ይመጣል፣ የማይመጣውም አይመጣም፤ እናት ግን ጠርቼዋለሁ ብላ ትወርዳለች። ከከተማ የሚመጡ የተማሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ጠበል ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጠበል አይደለም። ተራ ውሃ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ጭቃ ጭቃ ይላል።

ነገሩ የሆነው ጠመንጃ በስም እንኳ ሳይታወቅ ነው አሉ። ያኔ ከአፋፉ በታች ያለው ጫካ ድኩላ የሞላበት ነበር፣ የአገሩም ሰው የሚያድነው በቀስት ነበር። ለመሬቱ የሚገበረውም የድኩላ ቆዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከመስቀል እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አንድ ቆዳ ያገባል፣ ያላገባ ቤት መሬቱ ቀስት ላለው ዘመድ ይሰጣል። ቀስቱን የሚስበውም የዚያው ቤት ደም ያለው እንጂ በጋብቻ የመጣ ሰው አይሆንም። ከዚህ ሁሉ የከበደው ሕግ ግን ዝምታ ነበር። ከጉብታው ወዲያ አፍ አይከፈትም። በተለይ የሰው ስም፣ ከጉብታው ላይ ሆኖም ቢሆን፣ ወደ ዱሩ አይጠራም፤ የዱሩ ባለቤት ስሙን የሰማውን ሰው አይመልስም ይባል ነበርና። አዳኞች የሚነጋገሩት ግንድ መታ መታ እያደረጉ ነው። እባብ የነደፈው ሰው እንኳ ጥርሱን ነክሶ ይወጣል። ድምፅ ያሰማ ሰው የቤቱ ቀስት በሕዝብ ፊት ይሰበራል፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ቆዳ አያገባም፣ መሬትም አይኖረውም።

ይታክቱ ከወንዝ ማዶ ተድራ የመጣች ሴት ነበረች። ባሏ ጀምበሬ ቢሻው ቆላ ወርዶ ባመጣው ወባ ሲሞት የተወላት አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ቀስትና ከቤቱ በላይ ያለውን ጥቁር አፈር መሬት ነው። ልጅቱ ሙጪት ትባላለች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የጀምበሬ ታላቅ ወንድም ጓንጉል ደግሞ የአዳኞች አለቃ ነበርና፣ የተዝካሩ ድግስ ሳያልቅ ዓይኑን መሬቱ ላይ ጣለ።

«ቀስት ሳቢ የሌለው ቤት ቆዳ ከየት ያመጣል?» አለ፣ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር በተሰበሰቡበት።

«ሙጪት ትስባለች» አለች ይታክቱ። «የጀምበሬ ደም አይደለችም የሚል ካለ ይናገር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሕጉ ደም ይላል እንጂ ወንድ አይልም፤ ሴት ትመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ በሩን የዘጋ አልነበረም። ጓንጉል ግን ሳቀ።

«ልጅቱስ ትሳብ። ማን ይዟት ሊወርድ ነው? አንቺ? ሴት ዱር ገብታ አፏን ዘግታ ከወጣች፣ እኔ ጓንጉል ቀሚስ ለብሼ ገበያ እወጣለሁ!»

«እንግዲያው ለሸማኔው ከዛሬ ንገረው፣ አያ ጓንጉል» አለችው። «ወገብህ ሰፊ ነው፣ ፈትል እንዳያልቅበት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደሚነገረው፣ ነገሩን ያበላሸው ይህ ሳቅ ነው። ጓንጉል በሰው ፊት የተሳቀበትን ቀን የሚረሳ ሰው አልነበረም፤ ይታክቱም በሰው ፊት የወጣ ቃሏን የምትመልስ ሴት አልነበረችም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። የአዳኞችን አለቃ ማን ያስቀይማል? እሳት ልትጭር ትመጣ የነበረችው ጎረቤት እንኳ ቀረች። ክረምቱን በሙሉ እናትና ልጅ ብቻቸውን ከረሙ። ይታክቱ ለባሏ ፍላጻ ታበጅለት የነበረችው እሷ ራሷ ነበረችና፣ የአሞራ ላባ አሰካኩን፣ የጅማት አከራረሩን ታውቀዋለች፤ ሙጪትን በጓሮው እንሰት ግንድ ላይ እያነጣጠረች እንድትወረውር አደረገቻት፣ ግንዱም ወንፊት ሆነ። ዝምታን ያስተማረቻት ግን በውሃ ነው። ከምንጯ አንድ ጉንጭ ታስይዛትና ሳትውጥ፣ ሳታፈስ እስከ ቤት እንድትሄድ ታደርጋታለች፤ መንገድ ላይ ታስቃታለች፣ ትቆነጥጣታለች፣ እባብ መጣብሽ ትላታለች። በመጀመሪያው ሰሞን ልጅቱ አምስት እርምጃ ሳትሄድ ውሃውን እናቷ ላይ ትረጨው ነበር።

«እምዬ፣ አንቺው እኮ ነሽ የምታስቂኝ!»

«ዱሩም ያስቅሻል። አጎትሽም ያስቅሻል። እንደገና ያዢ።»

ነሐሴ ሲያልቅ ሙጪት ቤት ድረስ ይዛው እየመጣች፣ ሙሉውን እናቷ መዳፍ ላይ ሞቅ እንዳለ ትመልሰው ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፦

«ብጠፋብሽስ፣ እምዬ?»

«ግንድ ምቺ። እኔም እመታለሁ።»

«ካልሰማሽኝስ?»

«እሰማሻለሁ። አፍሽን ብቻ እንዳትከፍቺ።»

«እሺ፤ አንቺ ካልጠራሽኝ አልከፍትም።»

«እኔ አልጠራሽም» አለች ይታክቱ። ይህን ቃል ኋላ እድሜ ልኳን ስታመነዥከው ኖረች ይላሉ።

መስቀል በዋለ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ወረዱ። ጓንጉል ጆሮ ሆኖ ሊውል ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቆሎውን ይዞ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያልፉ ቀና ብሎም አላያቸው። እናትና ልጅ ከጅረቱ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ሲጠብቁ ዋሉ። ፀሐይ ዘንበል ስትል አንድ ወንድ ድኩላ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ይታክቱ የልጇን ትከሻ በአንድ ጣት ነካች። ሙጪት ሳበች። ፍላጻው ከብብቱ ኋላ ገባ፣ ነገር ግን አልጠለቀም፤ ድኩላው ዘሎ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ጠፋ።

የአዳኝ ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው፤ ደሙን የሚከተለው ፍላጻውን የወረወረው ብቻ ሲሆን፣ ጓደኛው የዱካው መነሻ እንዳይጠፋ ፍላጻው ከተነሣበት ቦታ አይነቃነቅም። ሙጪት ዞር ብላ እናቷን አየቻት፣ ጥርሷን ብልጭ አደረገች፣ ሄደች። ይታክቱ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ጉሙ ከገደሉ ተነሣ፣ እንደ ወተት ግንፍል ብሎ ጫካውን ዋጠው።

በዱላዋ ግንድ መታች፣ ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ተመለሰላት፤ ግን ከፊትም ከኋላም ነበር። የገደሉ ማሚቶ ነው። ደግማ መታች፤ አሁን የመለሰላት ግንደ ቆርቁር ይሁን ልጅ መለየት አቃታት። ያን ጊዜ ሥርዓቱን ትታ ከቦታዋ ተነቃነቀች፣ እየዳበሰች ፈለገች፣ ወደቀች፣ ተነሣች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ሊመሽ ሲል ጉብታው ላይ ወጣች። ከጓንጉል በስተቀር ሰው አልነበረም።

ጓንጉል ባዶ እጇን አየ፣ ባዶ ኋላዋንም አየ።

«ልጅቱስ?» አለ።

ጆሮዋን ወደ ጉሙ አዘነበለች።

«ጥሪያት እንጂ! እናት አይደለሽም እንዴ?» አላት፣ ሁለት ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከትቶ እየሳቀ። «ይኸው፣ እኔ አልሰማሁም።»

ያች ምላሷ ግን አልደከመችም።

«ቀሚሱ ተሸምኖ አለቀ ወይ?» አለችውና ወደ ጉሙ ተመልሳ ወረደች። በዋርካው ሥር አገር ያሳቀ ቃል ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚስቅለት አላገኘም።

የሌሊቱን የሚያወራ የለም፣ ያየ የለምና። አሮጊቶቹ ግን እጇ እስኪላጥ ግንድ ስትመታ አነጋች ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቀስቱ ከዋርካው ሥር ተሰበረ፤ የሰበረውም ጓንጉል ነው። ጥቁሩን አፈር ወሰደ፤ ቀሚስ ግን አልለበሰም። ሙጪት የተገኘችው ከጉብታው ሥር፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ጉድባ ውስጥ፣ የምትመታው ግንድ በሌለበት፣ ቁርጭምጭሚቷ ወልቆ፣ የሞተውን ድኩላ ለሙቀት ተጠግታ ተቀምጣ ነው። እናቷ ሦስት ጊዜ በአጠገቧ ስታልፍ ኮቴዋን ሰምታለች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተጣራሽም፣ አንቺ ልጅ?» ቢሏት፣ «አልጠራችኝማ» አለች ይባላል።

ይታክቱ መሬቷን ስታጣ ማንም በማይፈልገው በዚያ ድንጋያም ጉብታ ላይ ጎጆ ቀለሰች። ሙጪት አድጋ ወንዝ ማዶ ተዳረች፤ መጀመሪያ በየዓመቱ ትመጣ ነበር፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ፣ ከዚያ ልጆች በዙባት። እናቷም በየማታው ከምንጯ ውሃ ትይዝና ወጥታ፣ ተፍታ፣ አንድ ጊዜ ትጠራታለች። መንደሩ አበደች አለ። ይህ ወሬ የቆየው ግን የአንዲት ሴት ልጅ ከአደን እስኪዘገይ ድረስ ነው፤ ያች ሴት እያለቀሰች ጉብታው ላይ መጣች፣ ይታክቱም አንድ ቃል ሳትናገራት በቅል ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያም ሌላዋ። የዝምታው ሕግ ማን እንደሻረው ሳይታወቅ ተሻረ፤ ስሟ የተጠራውን ልጅ የዱሩ ባለቤት አልወሰዳትማ! የጓንጉል ዘሮች ያንን መሬት ዛሬም ያርሱታል፣ ጤፉም መልካም ነው። የቤታቸው ሴቶች ግን ልጃቸው ሲዘገይ እንደ ሰው ሁሉ ጉንጫቸውን ሞልተው ውሃ መትፊያ ላይ ይወጣሉ። ጉብታው በጓንጉል ስም ተጠርቶ አያውቅም።

ያ ሌሊት በነጋ ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። ጉሙ እንዳለ ነበር። ይታክቱ ከጫካው ወጥታ ምንጯ ዘንድ ተንበረከከች፣ ለጥማት ሳይሆን አፏን ሌላ ጥቂት ጊዜ ይዘጋላት እንደሆነ ብላ አንድ ጉንጭ ውሃ ያዘች፤ ልጇን እንዳስተማረቻት ሳትውጥ፣ ሳታፈስ ጉብታውን ወጣች። ጓንጉል ጋቢው በጤዛ ርሶ እዚያው ተቀምጧል። «እህ?» አላት። ወደ መንደሩ ዞረች፤ ጥቁር አፈሯ ላይ ኑጉ ቢጫ አብቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረጅም ጊዜ አየችው። ውሃው አፏ ውስጥ ሞቀ። ከዚያ ፊቷን ወደ ጉሙ መለሰች፣ ውሃውን ከጓንጉል ሁለት እግሮች መካከል ተፋችው፣ «ሙጪት!» ብላም ተጣራች።