ጠባሳ መርማሪው ወጌሻ

አንድ ንጉሥ ከጎረቤት አገር ግፈኛ ገዥ ሸሽቶ የሚመጣው ሕዝብ በዛበትና «እውነተኛውን ከአስመሳዩ በምን እለየዋለሁ?» ብሎ ተጨነቀ። አማካሪዎቹም «አፍ ይዋሻል፤ ጠባሳ ግን አይዋሽም» አሉት። ስለዚህ በድንበሩ በር ላይ ጓንጉል የሚባል ስመ ጥር ወጌሻ አስቀመጠ። ወጌሻው ገላውን አይቶ «ይህ ሰው ተሠቃይቷል» ካለ ስደተኛው ይገባል፤ «አልተሠቃየም» ካለ ወደመጣበት ይመለሳል።

ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሆደ ቡቡ ነበር። ችግሩ አርባ ዓመት ሙሉ አጥንት ሲጠግንና የታመመ ወገብ በጋለ ብረት ሲተኩስ ስለኖረ፣ በሰው ገላ ላይ የማላውቀው ነገር የለም ብሎ ማመኑ ነው።

አንድ ቀን ፊቱ የገረጣ ሸማኔ መጣ። «ወንድሞችህ የት ተደበቁ ብለው በጋለ ብረት ተኮሱኝ። ብትመልሱኝ ይሰቅሉኛል» አለ። ጓንጉል ጀርባውን ገልጦ አየ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ክብ ጠባሳ ተሰልፏል። መጠናቸውም ጥልቀታቸውም እኩል ነው።

«ኧረ ተው አንተ ሰው!» አለው እየሳቀ። «ይሄማ የወጌሻ እጅ ነው። እኔም ለወገብ ቁርጥማት የምተኩሰው ልክ እንዲህ ነው።»

«አዎን አባቴ፣ የተኮሰኝስ ወጌሻ ነው፤ ግን...» ሲል የበሩ ዘቦች ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይኸው ራሱ አመነ!» ብለው ክንዱን ይዘው አወጡት። ጓንጉልም አላስቆማቸውም፤ «የሚቀጥለው ይግባ» አለ።

ወር ሳይሞላ ከዚያው አገር አንዲት ሴት መጣች። ጀርባዋ ላይ ያው ስድስት ጠባሳ፣ ያው አሰላለፍ። ጓንጉል ደነገጠ። በዚህ ጊዜ «ማን ነው የተኮሰሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«የእስር ቤቱ ወጌሻ ነዋ!» አለችው። «ሌሎቹ ገራፊዎች ሲተኩሱ እስረኛው ሳይናገር እየሞተ አስቸገራቸው። እሱ ግን እጁ የሠለጠነ ነው፤ ሳይገድል ያሠቃያል። ባለፈው ከዚህ የመለሳችሁት ሸማኔም በእሱ እጅ ያለፈ ነው።»

«ሸማኔው አሁን የት ነው?»

«ገበያ መሐል ሰቀሉት እኮ! አልሰሙም እንዴ?»

ጓንጉል በሩን ለዘቦቹ ትቶ ተነሣ። ቤተ መንግሥት ሄዶ ንጉሡ እግር ላይ ወደቀና «ሰው ገድያለሁ፤ ይፍረዱብኝ» ብሎ አለቀሰ።

ንጉሡ ግራ ገባው። «ምን አጠፋህ? የወጌሻ እጅ ነው አልክ፤ የወጌሻ እጅ ሆኖ ተገኘ። አልተሳሳትክም እኮ!» አለው።

«እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ንጉሥ ሆይ! ጠባሳው እንዴት እንደተተኮሰ ነገረኝ። ለምን እንደተተኮሰ የሚያውቀው ግን ሰውየው ነበር። እኔ ደግሞ አፉን ዘጋሁበት።»

ጓንጉል ከዚያ ወዲህ ስደተኛ ሲመጣ ልብስ ከማስወለቁ በፊት በርጩማ አቅርቦ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ ነበር ይባላል። ለሸማኔው ግን ምን ይረባዋል? እሱማ ሞቷል።

ወዳጆቼ፣ ዕውቀት መልካም ነው፤ የተበደለን ሰው አፍ የሚዘጋ ዕውቀት ግን ከመስቀያው ገመድ አይተናነስም። ጠባሳም ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ባለቤቱ ካልተናገረበት የሚመሰክረው ግማሹን ነው። እስኪ እርስዎም ልብዎን ይጠይቁ፦ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብለው ንግግሩን ያቋረጡት ሰው ዛሬ የት ይሆን ያለው?