ክርክሩ ሞተ፣ ፍርዱስ?

አንድ ፈሪ ዳኛ ነበረ፤ ሳህሉ ይባላል። በንጉሡ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የሚቀመጥ ሕግ አዋቂ ነው፤ ጉቦም አይነካም። የሹም ፊት ሲጠቁር ግን ወደ ኋላ ይላል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ከቆላ ወጥታ አቤት አለች። የአገሩ ገዢ ባሏን ያለ ክስ አስሮባታል፤ የበታቹም ዳኛ ፊት ነስቷታል። ሳህሉ ነገሩን መርምሮ፣ “ያልተከሰሰ ሰው አይታሰርም፤ ይፈታ” ብሎ ፈረደ። ፍርዱም የበታች ዳኞች እንዲመሩበት በችሎቱ መዝገብ ላይ ተጻፈ።

ገዢው ይህን ሲሰማ ትእዛዙ እስኪደርሰው አልጠበቀም፤ እስረኛውን ለቀቀና ሳህሉ ቤት ድረስ መጣ።

“ሰውዬው ቤቱ ገብቷል፤ ክርክሩ ሞቷል። የሞተ ክርክር ፍርድ ምን ይሠራል? ይፋቅልኝ” አለ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ “ልጆችዎ ደህና ናቸው?” ሲል ጠየቀ።

ሳህሉ ለልጆቹ ፈራ። “ሰውዬው እንደሆነ ተፈቷል፤ ማን ይጎዳል?” እያለ ራሱን አባበለና ፍርዱን አስፋቀ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ ሴት ችሎቱ ፊት ወደቀች።

“ጌታዬ፣ ያው ገዢ ወንድሜን ያለ ክስ አስሮብኛል። ደም ይተፋል። ‘እንዲህ ያለ ሰው ይፈታ ተብሎ ተፈርዷል’ ብል፣ ዳኛው መዝገቡን አይቶ ‘የለም’ አለኝ።”

 ሳህሉ እዚያው ያንኑ ፍርድ ደግሞ ፈረደ፤ በመዝገቡም ላይ አስጻፈው። ገዢውም እንደ ልማዱ ትእዛዙን ቀድሞ እስረኛውን ለቀቀ፤ በሽተኛው ግን እህቱ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

ገዢው አሁንም መጣ። “ይኸኛውም ክርክር ሞቷል። ንጉሡ ፊት ይግባኝ ሳልልበት እንዴት ፍርድ ይቀመጥብኛል?”

ሳህሉ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። “እስረኛውን ለቀው ይግባኙን የተዉት እርስዎ ነዎት። በፈቃዱ ከችሎት የወጣ ሰው ፍርዱን ይዞ አይወጣም።”

“አይፈሩም?”

“እፈራለሁ። ፈርቼ ያስፋቅሁት ግን ሰው ገደለ።”

ሳህሉ አልፍቅም በማለቱ ከወንበሩ ተሻረ። እስኪሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ፍርዱ ግን አልተፋቀም። በሩቅ አውራጃ ስሙን እንኳ የማያውቁ ሰዎች እየጠቀሱት ከእስር ወጡበት።

ወገኖቼ፣ ክርክር የተከራካሪዎቹ ነው፤ ሲተዉት ያበቃል። ፍርድ ግን ገና ላልታሰረውም ሰው ነው። ጉልበተኛ ሲሸነፍ እያፈገፈገ “ዱካዬን አጥፉልኝ” ቢለንና እኛም ብንፈራው፣ ነገ በዚያ መንገድ የሚመጣው ማን ይሆን?