ዓይን የማትሞላዋ ነጥብ

የአንዲት የሰርግ ፎቶ አንሺ ካሜራ በየሙሽራው ግንባር ላይ ጥቁር ነጥብ እየጣለ ደንበኛ አሸሸባት። ካሜራ ሠሪው ድርጅት ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አመነና «በነፃ እንጠግናለን» ብሎ እሷንና ሌሎቹን የካሜራው ገዢዎች ጠራ። ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፍቶ ብቅ አለላችሁ!

«ለዚህች ዓይን ለማትሞላ ነጥብ ይህን ሁሉ ደግነት ማን ያደርግላችኋል? በሉ አጨብጭቡ! አንቺስ፣ እጅሽ ታስሯል? ካላጨበጨብሽ ካሜራሽን ማንም አይነካልሽም!»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ጌታዬ፣ ይህን ደግነትዎንማ ለጋዜጣ ላንሳው!» ብላ ያንኑ ያልተጠገነ ካሜራ ደገነችበት።

ሰውዬው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «በዚህኛው አይሆንም! መጀመሪያ ይጠገን!»

«ምነው ጌታዬ? ዓይን የማትሞላ ነጥብ አይደለች እንዴ? እርስዎ ለአንድ ፎቶ የሸሿትን ሙሽሮቼ ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። እስቲ ጭብጨባውን ሄደው እነሱን ይለምኑ!»