የዑራኤል ንግሥ እና የጎደለው ዲያቆን

ሰው ሲያማርር የምትወረወር አንዲት አጭር ተረት አለች። የሚተርታት ብዙ ነው፤ የተወለደችበትን ደጅ የሚያውቅ ግን ጥቂት። የተወለደችው በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ በዑራኤል ንግሥ፣ በቄሰ ገበዝ ወልደ ሰማዕት ፊት ነው።

ያን ማለዳ ቅጥሩ በሕዝብ ተጨናንቋል። ወጣቶች አንድ ዓይነት ነጭ ካናቴራ ለብሰው፣ በታቦቱ ፊት የሚያነጥፉትን ቀይ ምንጣፍ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከበሮ እየመቱ ይዘምራሉ። እልልታው ቅጥሩን ያናውጣል። መቅደሱን ግን ጭንቅ ይዞታል። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይገባም፤ ሁለቱ ቄሶች አሉ፣ ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱን ግን ወባ ጥሎታል። ቅዳሴ ካልተቀደሰ ደግሞ በደብሩ ሥርዓት ታቦቱ አይወጣም። በቄሰ ገበዙ አባትም ሆነ በእርሳቸው ዘመን ንግሡ ታጉሎ አያውቅም፤ ዛሬ በእጃቸው ሊታጎል ነው።

ቄሰ ገበዙ ላብ አጥምቋቸው ወደ ወጣቶቹ ወጡ። «ምንጣፍ ተሸካሚ እንደ አሸዋ በዝቶ፣ ‹ተንሥኡ› የሚል አንድ ዲያቆን ይጥፋ? የእናንተ ክርስትና እኮ በዓመት አንድ ቀን ነው» አሉ።

ኢዮስያስ የሚባል ባለ ጎፈሬ ወጣት ምንጣፉን ለጓደኛው ትቶ ቀረበ። «አባቴ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ።»

ከጎፈሬው እስከ ጫማው አዩት። «የምን ዲያቆን? የፀጉር ቤት?»

«በልጅነቴ ጳጳስ ነው የሾመኝ። ባለፈው ፍልሰታ ዜማ ያስተምሩኝ ብዬ መጥቼ ነበር። ‹ይህን ጫካ መንጥረህ ና› ብለው ሸኙኝ።»

«እኔን ደግሞ በሱሪዬ ምክንያት» አለ ከኋላው ያለው።

«ዕድለኛ ነህ፤ እኔን ምክንያቱንም ሳይነግሩኝ በመቋሚያ ነው» አለ ሌላው። ሳቁ ፈነዳ።

የቄሰ ገበዙ ደም ፈላ። ፀሐይዋ ግን እየወጣች ነው። «ጾመህ አድረሃል?»

«በታቦት ፊት የሚያነጥፍ በልቶ ይመጣል እንዴ፣ አባቴ?»

«እስቲ በል፤ እንስማህ።»

ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኖ የዲያቆኑን ዜማ አነሣ። ከበሮው ቆመ፤ እልልታውም ዝም አለ። ድምፁ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ አንዲት ፊደል ሳይስት ጨረሰ። የቄሰ ገበዙ ልብ በደስታ ዘለለ፤ ዓይናቸው ግን ጎፈሬው ላይ ተተክሎ ቀረ። እምቢ ቢሉ ንግሡ ይታጎላል፤ እሺ ቢሉ በሕዝብ ፊት የዕድሜ ልክ ቃላቸውን ያጥፋሉ።

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት አሮጊት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ኪሮስ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «ቄሰ ገበዝ፣ ጎፈሬውን በሻሽ እንሸፍነዋለን። የቀረ ቅዳሴ በምን ይሸፈናል?»

«ግባ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ከጥርሳቸው መካከል።

ቅዳሴው ተቀደሰ። ታቦቱ በደጁ ብቅ ሲል ምድሩ በእልልታ ተነቃነቀ። ወጣቶቹ የኋላውን ምንጣፍ እየጠቀለሉ ወደ ፊት በሩጫ ይወስዱታል፤ ታቦቱ መሬት እንዳይረግጥባቸው የሚሽቀዳደሙ ይመስላል። ቄሰ ገበዙም ሳይታወቃቸው እንደ ጎልማሳ ሲያሸበሽቡ ታዩ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጠበል ጠዲቅ ሲቀመስ፣ ኢዮስያስ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። «አባቴ፣ ከነገ ጀምሮ ያስተምሩን።»

«መጀመሪያ ተላጩ፤ ከዚያ እናያለን» አሉና አሰናበቷቸው። ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ቄሰ ገበዙም ከጎረቤት ደብር ለጠበል ጠዲቁ ወደ መጣው እንግዳቸው ዘወር ብለው ተነፈሱ። «አየህልኝ የዘንድሮን ልጅ? እኛ ስናልፍ ይህ መቅደስ መዘጋቱ ነው፤ ቀዳሽ እኮ ጠፋ።»

እማሆይ ወለተ ኪሮስ የሚወጡትን ልጆች በዓይናቸው ሸኝተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተማሪ አባርሮ፣ ቀዳሽ ጠፋ ብሎ እሮሮ» አሉ።